ቼንሶ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ፣ ጎርፍ የተሸከመው ግንድ ከድልድይ ሥር ሲነሳ፣ ወይም ዕቃ ተሸክመው ወንዝ ሲሻገሩ ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ከእጅ ያመልጣል። በጊዜው የተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ብዙውን የሚያበላሸው ከውሃ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት የሚሠራው ሥራ ነው። እዚህ ያለው መልስ በቤንዚንና በዘይት ድብልቅ ለሚሠራው የተለመደው ቱ ስትሮክ ቼንሶ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ባትሪ ወደ መጨረሻው ላይ አለ።

ወንዙ ደፍርሷል፣ ቼንሶው አይታይም። እንዴት ላግኘው?

በእግርዎ አይዳብሱ። ሞተሩ ቢጠፋም የሰንሰለቱ ጥርስ ስለት ነው፤ ባዶ እግር ቀርቶ ስስ ቦቲም ይቀድዳል። ከታንኩ የሚያመልጠው ቤንዚንና የሰንሰለት ዘይት ውሃው ላይ ቀለማማ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ውሃው የሚፈስ ከሆነ የዘይቱን መነሻ ወደ ላይ ተከትለው ይፈልጉ። ጫፉ የታጠፈ ረጅም ዘንግ ወይም በገመድ የታሰረ ጠንካራ ማግኔት ይረዳል። የሞተሩ አካል ማግኔት የማይስበው አልሙኒየም ወይም ማግኒዥየም ቢሆንም ባሩና ሰንሰለቱ ብረት ስለሆኑ ይያዛሉ። የክረምት ሙላት ከሆነ ግን ይተዉት፤ ውሃው እስኪጎድል ቢቆይ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ ነው።

ወጣ። አሁን ምን ላድርግ?

የማስነሻ ገመዱን አይሳቡ። ለመሞከር ያህል እንኳ አንዴ አይሳቡ። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ማጥፊያ ያዙሩ፣ የካንዴላውን ቆብ ይንቀሉ፣ ከዚያ ካንዴላውን ይፍቱ። አብዛኛው ቼንሶ አብሮት የሚመጣው ቁልፍ አንዱ ራሱ 19 ሚሊሜትር ነው፤ ለካንዴላው የሚሆነው እሱ ነው። ከመፍታትዎ በፊት በዙሪያው ያለውን ጭቃና አሸዋ ያጥቡ፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲወጣ አሸዋው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ገመዱን ብስበው ምን ይመጣል?

አየር ሲገፋ ይጨመቃል፣ ውሃ አይጨመቅም። ከፒስተኑ በላይ ውሃ ካለ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ግድግዳ እንደገጠመው ያህል ይቆማል። በእጅ ሲሳብ መጀመሪያ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ የማስነሻው ጥርስ ወይም ገመዱ ነው። ባጋጣሚ ሞተሩ ቢነሳ ግን ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይጣመማል። ውሃው ደለል ካለበት ደግሞ እያንዳንዱ ስበት አሸዋውን በፋሻው (ፒስተኑ ላይ ባለው ቀለበት)፣ በፒስተኑና በኩሽኔታዎቹ መካከል ይፈጨዋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ አንዴ ከተጫረ በማጠብ አይመለስም።

ሲወድቅ እየሠራ ነበር። ልዩነት አለው?

ትልቅ ልዩነት አለው። ጠፍቶ የወደቀ ሞተር ውሃ የሚገባበት ቀስ በቀስ በአየር ማጣሪያው፣ በካርቡሬተሩና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ነው። እየሠራ የወደቀ ግን ውሃውን ራሱ በኃይል ይስባል፤ በዚያ ላይ የጋለው ሲሊንደር ድንገት ስለሚቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ካንዴላው ከወጣ በኋላ ቮላኖውን (በማስነሻው ሽፋን ሥር ያለውን ባለ ማግኔት ክብ አካል) በእጅ ቀስ አድርገው አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ ወይም ሲዞር የሚንቋቋ ከሆነ ቢየላው ስለተነካ ቀጥታ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ለስላሳ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ዛሬ ልፈታው አልችልም። ደረቅ ቦታ ላስቀምጠው?

ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ስህተቱም ይኸው ነው። ብረት በፍጥነት የሚዝገው እርጥበትና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። ውሃው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ የቀረበት ሞተር ጥላ ሥር ቢያድር፣ ጠዋት ኩሽኔታዎቹ ላይ ቡናማ ዝገት ያገኛሉ። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ንጹሕ ውሃ በተሞላ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተዘፍቆ እንዲቆይ ማድረግ፤ ለሰሚው እንግዳ ቢሆንም ለአንድ ሁለት ቀን ከአየር ይጠብቀዋል። ሁለተኛውና የተሻለው ውሃውን አንጠፍጥፎ በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡሬተሩ በኩል ናፍጣ መሙላት ነው። ናፍጣው የውስጥ ብረቱን ስለሚሸፍን ለሳምንትም ቢሆን ጊዜ ይሰጣል።

የውስጡን ውሃ በትክክል የማወጣው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድ። ቱ ስትሮክ ሞተር እንደ መኪና የዘይት ካርተር ወይም የማፍሰሻ ቡሎን የለውም። ኮሎው (ቢየላው የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ያለበት ክፍል ከታች ዝግ ነው፤ ውሃው እዚያ ይተኛል። ካንዴላውን ፈትቶ መገልበጥ ብቻ ከፒስተኑ በላይ ያለውን እንጂ የታችኛውን አያወጣም።

መጀመሪያ ማርሚታውን ይፍቱ። ሁለት ወይም ሦስት ቡሎን ነው፤ በስቲል ብዙ ጊዜ ቲ 27 ኮከብ ራስ ይፈልጋል፣ በቻይና ሥሪቶቹ አለን ቁልፍ። ማርሚታው በውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ሳይፈታ ቼንሶውን ቢገለብጡ ውሃው ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከዚያ የአየር ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን ያውርዱ። የትኛው ቱቦ የት እንደነበረ በስልክ ፎቶ ያንሱ።

አሁን ቼንሶውን ይገልብጡ፤ የካንዴላው ቀዳዳ መሬት ይይ። ቮላኖውን በእጅ እያዞሩ ፒስተኑን ከካንዴላው ቀዳዳ እስከሚርቅበት ጥግ ይውሰዱት። በዚህ ጊዜ ከኮሎው ክፍል ወደ ሲሊንደሩ የሚወስዱት የጎን መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፤ የታችኛው ውሃ በእነሱ በኩል ወርዶ በካንዴላው ቀዳዳና በማርሚታው በኩል ይወጣል። ጠብታው እስኪቆም ይጠብቁ፣ ወዲያና ወዲህ ያዘንብሉት። ቀጥሎ ፒስተኑን ወደ ካንዴላው አቅርበው ቼንሶውን የካርቡሬተሩ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲያይ ያዙሩት። በአብዛኛው ቼንሶ ፒስተኑ እዚህ ሲደርስ የካርቡሬተሩ መግቢያ ስለሚከፈት የቀረው በዚያ ይወጣል። ሁለቱን አቅጣጫ ሦስት አራት ጊዜ ይመላልሱ።

ከዚያ እጥበት ነው። በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ያቀላቅሉ። ከዚህ 100 ሚሊ ሊትር ያህሉን በካርቡሬተሩ መግቢያ ይጨምሩ፣ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ያወዛውዙ፣ በጠራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ያንቆርቁሩት። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ቢያዩት ውሃው ከሥር እንደ ብርጭቆ እንክብል እየተንከባለለ ይታያል። ያ እንክብል እስኪጠፋና ድብልቁ ያለ ደለል እስኪወጣ ይድገሙ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ዙር ይበቃል። ባዶ ቤንዚን አይጠቀሙ፤ የቀረውን ዘይት ጠርጎ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል።

በመጨረሻ 10 ሚሊ ሊትር ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ፣ ሌላ 10 በካርቡሬተሩ መግቢያ ይጨምሩና ቮላኖውን ሃያ ዙር ያህል በእጅ ያዙሩ። አሁን ኩሽኔታዎቹ ዘይት ለብሰዋል፤ ከዚህ በኋላ የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ኮምፕረሰር ልጠቀም?

ለውጩ አካልና ለሲሊንደሩ ክንፎች አዎ፤ ጎሚስታ ቤት ወስደው ቢያስነፉት ጥሩ ነው። ወደ ኩሽኔታ ቀጥታ ግን አይንፉ፤ ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በአየር ሲሽከረከር ራሱን ይበላል። ያልተፈታ ካርቡሬተር ላይም አይንፉ፤ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይቀደዳል ወይም ይለጠጣል።

እሳት ዳር ወይም ምጣድ ላይ ማድረቅስ?

በፍጹም። ቤንዚን የነካው ዕቃ ነው። ፀሐይ ይበቃል።

አልኮል ውሃን ይስባል ይባላል። ካቲካላ ይሆናል?

ፋርማሲ የሚሸጠው 96 ወይም 97 በመቶ አልኮል ጥሩ ነው፤ ከቤንዚኑ እጥበት በፊት 50 ሚሊ ሊትር ቢያንቆረቁሩበት ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን ውሃ ይዞ ይወጣል። ጎማ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ አይተዉት። ካቲካላ ምንም ቢጠነክር ብዙ ውሃ አለበት፤ ውሃ በውሃ ማጠብ ነው የሚሆነው። ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

በታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ መጠቀም እችላለሁ?

አይችሉም፣ ሙሉ ለመሙላት ቅርብ ቢሆንም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ነዳጅ የሚስበው ቱቦ ደግሞ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ፊልትሮ ስላለው እሱም የሚተኛው ከታች ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠጣው ውሃውን ነው። ክዳኑ ጥብቅ ቢሆንም የታንኩ መተንፈሻ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። ታንኩን ያፍስሱ፣ በትንሽ ድብልቅ ያጥቡ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ፊልትሮ ይቀይሩ፤ ርካሽ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ውሃ ሲበዛበት ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ተለይቶ ይወርዳል። ቢያሰክኑትም የሚመለስ ነዳጅ አይሆንም።

የሰንሰለት ዘይቱንም ይመልከቱ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታልና ይድፉት።

ካርቡሬተሩን መፍታት ግዴታ ነው?

አዎ። የቼንሶ ካርቡሬተር ተንሳፋፊ የለውም፤ የሚሠራው ሜምብሬን በሚባሉ ሁለት ስስ ጎማዎች ነው። በአንድ በኩል ያለው ክዳን በአንድ ቡሎን፣ በሌላው በኩል ያለው ብዙ ጊዜ በአራት ቡሎን ይያዛል። ሲከፍቱ ጓርኒሲዮኑና ጎማው በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ልብ ይበሉ፤ በሁለቱ በኩል ቅደም ተከተሉ አንድ አይደለም፣ ከተገለበጠም ሞተሩ አይነሳም። በአንዱ ወገን ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች፤ ደለል የሚከማቸው እዚያ ነው። በመርፌ ጫፍ አውጥተው በቤንዚን ያጥቧት።

ከጎን ያሉትን የማስተካከያ ቡሎኖች ከመፍታትዎ በፊት በካቻቢቴ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻ እያጠበቁ ስንት ዙር እንደሆነ ይቁጠሩና ይጻፉ። ለምሳሌ አንዱ 1 ከሩብ ሌላው 1 ሙሉ ሊሆን ይችላል። ሳይቆጥሩ ከፈቱ ሞተሩ ቢነሳም ነዳጅ አንሶት ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል። ጎማው ከደረቀ፣ ከተጨማደደ ወይም እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ የካርቡሬተር ኪት ገዝተው ይቀይሩት። እንደ ስቲል ኤም ትሮኒክና ሀስክቫርና ኦቶቲዩን ያሉት ዘመናዊዎቹ ካርቡሬተራቸው በኤሌክትሮኒክ ስለሚታዘዝ ይህን በቤት አይሞክሩ፤ አውርደው ለሠራተኛ ይስጡ።

ካንዴላው እሳት አይሰጥም። ቦቢናው ተቃጠለ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ውሃን ይቋቋማል። መጀመሪያ ካንዴላውን ይቀይሩ፤ ክፍተቱ 0.5 ሚሊሜትር ይሁን። ቀጥሎ የማስነሻውን ሽፋን ከፍተው የማጥፊያው ሽቦ ጫፍ እርጥብ ወይም የዛገ መሆኑን ያጣሩ፤ እሱ ከአካሉ ጋር ከተነካካ ሞተሩ እንደጠፋ ይቆጠራል። የቮላኖውን ማግኔትና የቦቢናውን ብረት በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ያንሱ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ወፍራም የስም ካርድ መሃላቸው አስገብተው ቡሎኑን ማጥበቅ ይቻላል።

እሳቱን ሲሞክሩ ካንዴላውን ከቀዳዳው ራቅ አድርገው አካሉ ላይ ያስነኩት። ቀዳዳው በቤንዚን ጭስ የተሞላ ስለሆነ ብልጭታው አጠገቡ ከሆነ ነበልባሉ ፊትዎ ላይ ይወጣል።

ሌላ ምን ልክፈት?

የማስነሻው ሞላ ሳይደርቅ ከቀረ ይዝጋል፣ ከዚያ ይሰበራል። ሲከፍቱት መነጽር ያድርጉ፤ የተጠቀለለው ሞላ ከቤቱ ከዘለለ ጣትና ዓይን ይመታል። ካደረቁ በኋላ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል።

በሌላው በኩል የፍሪሲዮኑ ክዳን ሥር የሰንሰለቱ ፍሬን ቀበቶና ትንሽ የመርፌ ኩሽኔታ አለ። ኩሽኔታዋን አጥበው ግራሶ ይቀቡ። ፍሪሲዮኑን መፍታት ካስፈለገ በአብዛኛው ቼንሶ ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ፒስተኑን ለማቆም በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ ማስገባት የተለመደ ዘዴ ነው። ነገር ግን ገመዱን የሚያስገቡት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የማርሚታውን ቀዳዳ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ ገመዱ በቀዳዳው ጠርዝ ይቀነጠሳል። የፍሬኑ ቀበቶ ላይ ዘይት ከነካ በቤንዚን ያጽዱት። ፍሬን የማይዝ ቼንሶ ቢነሳም ለሥራ አይወጣም።

ሁሉም ደርቋል። እንዴት ላስነሳው?

ባሩ፣ ሰንሰለቱና የፍሪሲዮኑ ክዳን መግባታቸውን ያረጋግጡ። ያለ እነሱ ማስነሳት ፍሪሲዮኑ ላልቶ እንዲወረወር ያደርገዋል። ካንዴላውን ሳይመልሱ ገመዱን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይሳቡ፤ የተረፈው ዘይት ይተፋል። ከዚያ አዲስ ካንዴላ አስገብተው ለመጀመሪያው ታንክ በ1 ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ያለበት ድብልቅ ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ወዳዘዘው ይመለሳሉ፤ ለብዙዎቹ በ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው።

ሲነሳ ነጭ ጭስ ይበዛል፤ ውስጥ የገባው ዘይትና ማርሚታው ውስጥ የቀረው እርጥበት ነው፣ በጥቂት ደቂቃ ይቀንሳል። ለአምስት ደቂቃ ያህል በመጠነኛ ፍጥነት ያሙቁት፣ ያጥፉት፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያስነሱት። በማግስቱም አንድ ጊዜ ያስነሱት። በሙቀት ያልወጣው እርጥበት ሌሊት ተመልሶ ጠብታ ስለሚሆን ያለ ሥራ ለሳምንት መተው አደገኛ ነው።

ተነሳ፣ ግን ልክ አይደለም።

ተነስቶ በአሥር ሴኮንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ካርቡሬተሩ ወይም ታንኩ ውስጥ ውሃ አለ። ጋዝ ሳይሰጡት (የፍጥነት መጨመሪያውን ሳይጫኑ) ራሱ ከፍ ብሎ የሚጮህና የማይወርድ ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፉት፤ የኮሎው ኦይልሲል (ዳሩን የሚያሽገው ጎማ) ወይም የካርቡሬተሩ መጋጠሚያ አየር እያስገባ ነው፣ እንዲህ እየሠራ ከቀጠለ ፒስተኑን ያቃጥላል። ጋዝ ሳይሰጡት ሰንሰለቱ ከዞረ የፍሪሲዮኑ ሞላ ዝጓል ወይም የካርቡሬተሩ ዝቅተኛ ፍጥነት በዝቷል። ከታች የሚያጓራ ድምፅ ካለ ደግሞ ኩሽኔታ ነው፤ ለዚህ ኮሎው የሚወጣበት ሙሉ ፍቺ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ከወደቀ ሳምንት ሆኖታል፣ ገመዱ አልሳብም ብሏል።

አያስገድዱት። በካንዴላው ቀዳዳና በካርቡሬተሩ መግቢያ ናፍጣና የቱ ስትሮክ ዘይት እኩል ቀላቅለው ይሙሉና ሁለት ቀን ያሳድሩ። ከዚያ የቮላኖውን ዳዶ በቁልፍ ይዘው ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ በጥቂቱ፣ እንደገና ወደ ኋላ ያወዛውዙ። የሲሊንደሩ ግድግዳ አልሙኒየም ላይ የተለበጠ ስለሆነ አይዝግም፤ የሚዝጉት ፋሻው፣ ኮሎውና ኩሽኔታዎቹ ናቸው። ቢላቀቅም በማርሚታው ቀዳዳ በባትሪ አብርተው ፒስተኑን ይመልከቱ። ጎኑ ቁልቁል ከተጫረ ወጪውን ማስላት ይሻላል፤ ለቻይና 52 ወይም 58 ሲሲ ቼንሶ ሲሊንደርና ፒስተን በጋራ መግዛት ያዋጣል፣ ኩሽኔታም ከተጨመረበት ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም። እንደ ስቲል 070 ያለ ትልቅ ሞተር ግን መለዋወጫው ከተገኘ ቢደከምበት አይቆጭም።

የገባበት ውሃ ጨዋማ ቢሆንስ?

የባሕር ውሃ ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ውስጡንም ጭምር፣ መታጠብ አለበት። ጨው ማግኒዥየሙን አካል በፍጥነት ይበላል፤ የሽቦ መገናኛዎችንም አይምርም። እንደ ሻላና አብያታ ያለ ሶዳማ ሐይቅ ደግሞ አልሙኒየምን ስለሚያጠቃ መልሱ ተመሳሳይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ባልዲ ውስጥ የማቆየት ዘዴ የሚሠራው ውሃው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቀየረ በኋላ ነው።

የእኔ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

ገመድ ያለው ከሆነ ውሃውን ከመንካትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፤ ሶኬቱ እርጥብ ቦታ ከሆነ እሱንም አይንኩ። ባለ ባትሪ ከሆነ ባትሪውን ያውጡና ከቤት ውጭ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቆ ያስቀምጡት። ቢደርቅም ቻርጅ አያድርጉት። ውሃ የገባበት ሊቲየም ባትሪ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያነሳ ይችላል። ቼንሶው ራሱ በአዲስ ባትሪ ሊሠራ ይችላል፤ አሮጌው ባትሪ ግን አበቃለት።

የታጠበበትን ቤንዚንና ናፍጣ የት ልድፋ?

ወንዙ ውስጥ አይደለም፤ ጥቂት ሊትር ብዙ ውሃ ያበላሻል። በጠርሙስ ክዳኑን ዘግተው አንድ ቀን ያስክኑት፣ ከላይ ያለውን ጠርቶ የወጣውን ቀድተው ሰንሰለትና ባር ለማጠቢያ ያስቀምጡ። ከሥር የቀረውን ውሃና ደለል የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።